ሕጉ ገና አላለቀም፦ ለዐቃቤ ሕግ ልጄ

አዲስ አበባ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፣ ለሚሚዬ፤

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ያደርግሽ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቼ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሆነሽ የተነሳሽው ፎቶ ሲደርሰኝ ልቤ ዐረፈ። ጠቆር ብለሻል፤ ያምርብሻል። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ፤ ሌላውን አንቺ ታውቂበታለሽ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ነው። ስለ ሥልጠናችሁ ስታጫውቺኝ፣ «እማዬ፣ ሁሉም የተስማማበት ነገር ቢኖር ሕጉስ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው የሚለው ነው» አልሽኝ። ይህን አባባል በየስብሰባው፣ በየማርች 8 በዓሉ፣ በየሪፖርቱ ማጠቃለያ ስሰማው ኖሬያለሁ። የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰውን ያዘናጋል። ሕጉ ጥሩ ነው ብሎ ያመነ ሰው ሕጉን መልሶ አያነብም፤ ጥፋቱን ሁሉ ለፖሊሱ፣ ለባህሉ፣ ለሴቲቱም ፍርሃት ሰጥቶ ይቀመጣል። አንቺ ገና ሥራ በጀመርሽበት ዓመት እንደዚያ እንድትቀመጪ አልፈልግም። ሕጉ አላለቀም፤ ከባዱ ሙግት ያለው ከፊታችሁ ነው። በስልክ የማይመች ረጅም ነገር ስለሆነ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ።

ከየት እንደመጣን ላስታውስሽ። አያትሽ ስትዳር በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሚስትም በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የት እንደሚኖሩ የሚመርጠው ባል ነው። ወንድ ለማግባት 18 ዓመት መሙላት አለበት፤ ለሴት ልጅ 15 ይበቃታል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በጋብቻ ካሰረ ከክስ የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ስትቆም የአገሩ ሕግ ይህ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ ተሟገተላት፤ ራሷን መከላከሏ ታምኖላትም በነፃ ተሰናበተች። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ስትሾም፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በየቢሮአችን እንባችን መጥቶ ነበር።

በመካከሉ ብዙ ተሠርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት አጸና። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሽሮ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ፤ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻንም በስማቸው ጠርቶ ወንጀል አላቸው። የእኛ ዘመን ሙግት ከባድ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ይቀልለን ነበር። ክፉው አንቀጽ ተጽፎ ፊታችን ነበር። ቁጥሩን ጠርተን «ይህ ይሰረዝ» ማለት እንችላለን። ለእናንተ የተረፈው ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ቁጥር የለውም፤ ፈልጎ የሚያገኘውም ጉዳቱን ቀርቦ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ከቤት ልጀምር። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 620 በቃልሽ ታውቂዋለሽ። አስገድዶ የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ነገር ግን ድርጊቱ ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመ መሆን አለበት። ባለትዳሯ ሴት በዚያ አንቀጽ ጥላ ሥር የለችም። ባሏ ጥርሷን ከሰበረ ስለ ጥርሷ ትከሳለሽ፤ ስለዋናው በደል ግን ክስ የምትመሠርቺበት አንቀጽ አጥተሽ ትቀመጫለሽ። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በስም ያነሳል፤ ቅጣቱን ግን መልሶ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። ከእነዚያ ውስጥ ቀላል የሚባለው ጉዳት የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ገብቶ፣ ልጆች አልቅሰው፣ የቤት ኪራይ ቀን ደርሶ ሴቲቱ አቤቱታዋን ስታነሳ መዝገቡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ «አፈጻጸም» ብለን ልንጠራው አንችልም። ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጓም ዳኛውም ሕጉን እንደተጻፈው ፈጽመዋል።

ባለፈው ዓመት ቢሮዬ የመጣችውን አንዲት እናት ልንገርሽ። የግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። የሕክምና ማስረጃዋን የልጇ ደብተር ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች፤ ወረቀቱን ስታወጣ የልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ አብሮ ወደቀ። ስለ ክስ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ንብረት ክፍፍል ሳስረዳት ቆየሁ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እኔ እንዲታሰር አልፈልግም፤ ልጆቹን የሚያበላው እሱ ነው። መፋታትም ገና አልወሰንኩም። ዛሬ ማታ ቤት እንዳይገባ የሚያደርግልኝ ወረቀት የለም ወይ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት የለንም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ፍርድ ቤት ለተጠቂዋ የጥበቃ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በዳዩ ከቤቱ እንዲርቅ፣ እንዳይደውል፣ እንዳያስፈራራ ያዝዛል፤ ትእዛዙን ከጣሰ ይጠየቃል። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በትዳር ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈርን ወንጀል አድርጋለች። በእኛ የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ አንዳቸው ከጋራ መኖሪያቸው እንዲወጡ ሊያዝዝ የሚችለው የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ደህንነት የምትጠይቅ ሴት አስቀድማ ትዳሯን እንድታፈርስ ትገደዳለች ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከባል ወይም ከቀድሞ ባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከሦስት አንዷ ማለት ነው ልጄ። ለዚህ ሁሉ ሰው ያዘጋጀነው መፍትሔ ወይ እስር ወይ ፍቺ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ የሞት ነው። ባል ሳይናዘዝ ቢሞት ሚስቱ ትወርሰዋለች ብሎ የማያምን ሰው ጥቂት ነው፤ የተማረውም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወራሾችን በተራ ሲቆጥር ልጆችን፣ ወላጆችን፣ እያለ ወደ ዘመድ ይሄዳል፤ የትዳር ጓደኛን ግን አይቆጥርም። ባሏ የሞተባት ሴት ከጋራ ሀብቱ የራሷን ግማሽ ታነሳለች፤ ሌላው ግማሽ የልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ የወላጆቹ፣ ከዚያም የወንድምና የእህቶቹ ነው። አብረው ያሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የሚኖርበት ነገር አይደለም፤ ይሸጥና እሷ ወደ ኪራይ ትወጣለች። አንቀጹ ለወንዱም ለሴቷም እኩል የተጻፈ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእርጅና ዘመኗ ያለ ገቢና ያለ ቤት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። ኢትዮጵያ የአፍሪካን የሴቶች መብት ፕሮቶኮል በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1082 ስታጸድቅ ተአቅቦ ካደረገችባቸው ድንጋጌዎች አንዱ ይኸው ባል የሞተባት ሴት የመውረስ መብት ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትስ? የቤተሰብ ሕጉ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩትን የጋራ ሀብት ይለዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ማስረጃው ከየት ይምጣ? የቤት ኪራይ ውሉ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የመብራት ቆጣሪው ሁሉ በእሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ «ሕግ ብቻውን ምን ይሠራል?» የሚልሽ ሰው ቢመጣ የገጠሩን የመሬት ይዞታ ደብተር አሳዪው። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን እንዲሆን ሲደነገግ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ገበሬ ሴት ባሏ መሬቱን በስውር ሊያከራይ እንደሆነ ሰምታ፣ ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ፎቶዋን በጣቷ እየጠቆመች ከቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ስትከራከር ነበርኩ። ያቺ ሴት ስለ ፆታ እኩልነት ሥልጠና አልወሰደችም። የያዘችው በሕግ የተጻፈ አንድ መስመርና አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ሊቀመንበሩም አልፏት ሊሄድ አልቻለም።

ሦስተኛው ዝምታ ኩሽናችን ውስጥ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ 120 ቀን የተከፈለ ፈቃድ ሰጠ፤ ወሲባዊ ትንኮሳንም በግልጽ ከለከለ። በዚህ ተደስተናል። ያው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ከገጠር በደላላ መጥታ፣ ኩሽና ወለል ላይ የምትተኛ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የሁላችንን ልጆች አብልታ ትምህርት ቤት የምትልክ ልጅ የሥራ ሰዓት የላትም፤ የዓመት ፈቃድ የላትም፤ ብታረግዝ የወሊድ ፈቃዷ መባረር ነው። የሚመለከታት ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረፉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዶሃ በሕጋዊ መንገድ ለምትሄደው ልጅ በ2008 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 923 አለላት፤ የተጻፈ ውል፣ ኤጀንሲው የሚያስይዘው ዋስትና፣ ከተቀባይ አገር ጋር የሚደረግ ስምምነት አለ። በቂ ባይሆንም አለ። እዚሁ ቦሌ ወይም ሳቢያን ሰፈር ለምትሠራዋ እህቷ ያን ያህል እንኳ አልጻፍንም። ይህን ሕግ ማውጣት የሚከብደው በሴቶች ጉዳይ ላይ የሚሟገቱትም፣ ሕግ የሚያወጡትም፣ እኔና አንቺም አሠሪዎች ስለሆንን ነው። ለመብቷ ስንቆም የምንሟገተው ከራሳችን ምቾት ጋር ነው፤ ለዚህም ነው ከሁሉ የሚዘገየው።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። ለእናት 120 ቀን የሰጠው አዋጅ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። አሠሪ ወጣት ሴት ሲቀጥር አራት ወር ያሰላል፤ ወጣት ወንድ ሲቀጥር ሦስት ቀን። ለሴቷ የተሰጣት መብት ቅጥር ላይ መልሶ እንቅፋት እንዳይሆንባት የአባቱ ፈቃድ ማደግ አለበት። ይህ የወንዶች ጉዳይ ይመስላል፤ የሴቶች የሥራ ዕድል ጉዳይ ነው።

አሁን ወዳለሽበት ከተማ ልምጣ፤ ድሬዳዋ ለዚህ ሙግት ከየትኛውም ከተማ በላይ ታስተምርሻለች። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ብቻ ነው። የቀረው አገር የቤተሰብ ሕግ የሚያወጣው በየክልሉ ነው። ከከተማሽ ወጣ ስትዪ በአንድ በኩል የኦሮሚያ ሕግ አለ፤ በሌላ በኩል ሽንሌ ላይ የሶማሌ ክልል ይቀበልሻል፤ ያ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሳያወጣ ረጅም ዓመታት ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ለአንዲት የሽንሌ ልጅ በወረቀት ደረጃ የቀረላት የአያትሽ ዘመን ሕግ ነበር፤ ያውም 15 ዓመት የሚለው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳማን ጨምሮ አዳዲስ ክልሎች ተመሥርተዋል። እያንዳንዱ ምክር ቤት የቤተሰብ ሕግ ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ ይመጣበታል። የዕድሜው ገደብ፣ የንብረቱ ክፍፍል፣ ከአንድ በላይ ማግባት ሁሉ እንደገና ይከፈታል። አንድ ጊዜ ያሸነፍነውን ሙግት በየክልሉ እንደገና ማሸነፍ ይኖርባችኋል።

በድሬ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ፤ የሽማግሌዎች ጉባኤም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎች ፈቃዳቸውን ሳይሰጡ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘታቸው ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የቆመው በፈቃድ ላይ ነው። ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ግን ታውቂያለሽ። አባት፣ አጎት፣ የጎሳ ሽማግሌ፣ የባል ወንድሞች ተሰብስበው «ትስማሚያለሽ አይደል?» ሲሏት አልስማማም የምትል ሴት ከዚያ ቀን በኋላ የት ትኖራለች? ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁሟል፤ ሌሎችም ይከተላሉ ብዬ አስባለሁ። ለገበሬው ቅርብ ናቸው፤ ርካሽ ናቸው፤ በቋንቋው ይዳኙታል። ይህን አልቃወምም። ባህል ሁሉ የሴት ጠላት ነው የሚልሽንም አትስሚ። የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ በሚስቱ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ካሳ ሳይከፍል አይገባም ነበር፤ ያ የሕግ ሥርዓት ነው። የእናንተ ዘመን ጥያቄ እነዚህ ፍርድ ቤቶች ይኑሩ አይኑሩ አይሆንም። ሴቲቱ ፈቃዷን ብቻዋን ሆና፣ በማያስፈራራት ሰው ፊት የምትሰጥበት ሥርዓት ይጻፍ ወይ? ከዳኞቹ መካከል ስንቱ ሴቶች ይሁኑ? ከውሳኔው ይግባኝ ወዴት ነው? የጠለፋና የመድፈር ጉዳይ በዕርቅ እንዳይዘጋ ማን ይቆጣጠር? እነዚህ መልስ የሚሹ የሕግ ጥያቄዎች ናቸው።

ሌላው ሕጉ በቅጡ ያልደረሰበት ቦታ ስልክ ነው። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ፎቶዋን አሳየችኝ፤ ፊቱ የእሷ ነው፣ ሰውነቱ የእሷ አይደለም። በኮምፒዩተር ተሠርቶ በቴሌግራም ተበትኗል። እጇ እየተንቀጠቀጠ «እኔ አይደለሁም ብዬ ለስንት ሰው ላስረዳ?» አለችኝ። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 ማስፈራራትንና ክብርን የሚነካ ምስል ማሰራጨትን ይቀጣል። በዚያ መክሰስ ይቻላል። ነገር ግን የደረሰባትን ነገር ስም ማጥፋት ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው፤ በሰውነቷ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት አድርጎ አይቆጥረውም። ምስሉን በስንት ሰዓት ውስጥ ማን ያንሳው? ኩባንያው ውጭ አገር ከሆነ በማን ይጠየቅ? የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አንድ በር ከፍቷል፤ በዚያ በር የሚገባ የመጀመሪያ መዝገብ ያስፈልጋል። ደግሞ ዛሬ ብድር በስልክ እየተሰጠ ነው፤ ማን ይገባዋል የሚለውን የሚያሰላው የገንዘብ እንቅስቃሴው ታሪክ ነው። ሲም ካርዱ በባሏ ስም የወጣ፣ ገበያዋ በጥሬ ገንዘብ የሆነ ጉሊት ነጋዴ በዚያ ስሌት ውስጥ የለችም። ማንም ሰው «ሴት ነሽና አልሰጥሽም» አላላትም፤ ግን አልተሰጣትም። እንዲህ ዓይነቱን መድልዎ በፍርድ ቤት ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቢው። የእናንተ ትውልድ አንቀጽ 635 ይህ ይመስለኛል።

ስለ ጦርነቱ ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በሰሜኑ ጦርነት በሴቶች ላይ የደረሰውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ሪፖርት መዝግበውታል፤ ጥቃቱም የተፈጸመው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። የወንጀል ሕጋችን የጦር ወንጀልን ይደነግጋል፤ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ግን ለይቶ አልተረጎመም። በተደራጀ መልክ በሲቪል ሰዎች ላይ የተፈጸመን መድፈር እንደ አንድ ሰው ተራ ወንጀል እየነጣጠሉ መክሰስ የጥቃቱን ትክክለኛ መጠን ይሰውራል። አዲስ ሕግ ከወጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ክርክር ይመጣል። ምስክሮቹን ማን ይጠብቃቸው? ሐኪም ቤቱ በፈረሰበት ቦታ የሕክምና ማስረጃ ማን ይስጥ? የተደፈረችውን ሴት በምሕረት ስም ዝም በይ የሚላት ሕግ እንዳይወጣ ነቅታችሁ ጠብቁ። ስለ ሰላም ብዙ ሰው ይናገራል፤ ስለ እነዚህ ሴቶች ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

የተገኘው ነገር ደግሞ በቀላሉ ሊነጠቅ እንደሚችል እወቂ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ሲከለክል፣ ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ የፆታን እኩልነት ማራመድ ነበር። ከቤተሰብ ሕጉ አንድም አንቀጽ አልተነካም። ግን የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገንዘብ ታገደ፤ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች ተመናመኑ፤ ጠበቃ ያጣች ሴት ጥሩ ሕግ ይዛ ቤቷ ቀረች። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪሻር አሥር ዓመት አለፈ። ስለዚህ ስለ ሴት የሚናገረውን ሕግ ብቻ አትከታተዪ። ስለ ማኅበራት፣ ስለ በጀት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ስልክ የሚወጣውን ሁሉ አንብቢ። ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ የሴቶች ድርሻ ከ40 በመቶ በላይ ደርሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ረቂቁን ቀድሞ አንብቦ «ይህች አንቀጽ ሴቶችን ትጎዳለች» ብሎ የሚነግራቸው የሕግ ሰው ካላገኙ እጅ ማውጣታቸው ብቻውን አይበቃም።

አንቺስ ምን ታድርጊ? አዲስ ዐቃቤ ሕግ ሕግ አያወጣም። መዝገብ ግን ይሠራል። በእኛ አገር አንድን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ የመሻር ሥልጣን የፍርድ ቤት አይደለም፤ ጥያቄው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይደርሳል። ፍርድ ቤት ያለው ሌላ ኃይል ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ያ ትርጉም የሚነሳው ደግሞ ከታች፣ አንቺ ከምትጽፊው ክስና ከምታስደምጪው ምስክር ነው። ሰበር በመዝገቡ የሌለውን ነገር ከየት አምጥቶ ይተረጉማል? ስለዚህ ቃሏን ስትቀበዪ አታሳጥሪው። «ከባሏ ጋር ተጣልታ» ተብሎ የመጣልሽን የፖሊስ ሪፖርት መልሰሽ ጠይቂ፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ? በምን መታት? ልጆቹ የት ነበሩ? አቤቱታዋን ላንሳ ስትል በችኮላ አትፈርሚላት፤ ብቻዋን አነጋግሪያት፤ ማን እንዳመጣት እዪ። ልትከሺ ያልቻልሽበትን ጉዳይም ለምን እንዳልቻልሽ፣ የትኛው አንቀጽ እንደጎደለሽ፣ በየሳምንቱ መዝግቢ፤ ስምና አድራሻ አታስገቢ፤ ጉድለቱን ብቻ። ሕግ የሚያሻሽሉ ሰዎች የሚለምኑት እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው፤ ከመድረክ ንግግር ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

ማኅበራዊ ሚዲያው በአንዲት ሕፃን ጉዳይ በተናወጠ ቁጥር «ቅጣቱ ይክበድ፣ ይሰቀል» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቁጣው የእኔም ነው። ግን ከባድ ቅጣት ለሕግ አውጪው በጣም ርካሹ ነገር መሆኑን አትርሺ፤ ቁጥር ለውጦ ይገላገላል። ገንዘብና ጭንቅላት የሚጠይቀው የመጠለያው፣ የጥበቃ ትእዛዙ፣ የምስክር ጥበቃው፣ የምርመራ ክፍሉ፣ የወራሽነቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ ሕግ ነው። በቁጣው ቀን እነዚህን ጠይቁ።

ይደክምሻል ልጄ፤ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን የምትረጂያት ሴት ራሷ ፊቷን ታዞርብሻለች። በዚያን ቀን ሥራውን ብቻሽን እንደያዝሽው አታስቢ። ከጎንሽ የሚቆም መርማሪ ፖሊስ፣ የምታዳምጥ ነርስ፣ ሕጉን የሚያጠና መምህር፣ ለልጁ ሲል የሚመሰክር ጎረቤት አለ። እነሱን ፈልጊና ወዳጅ አድርጊያቸው፤ ከአዋጁ ቁጥር በፊት የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ያዢ።

ያ የምትመዘግቢው ጉድለት አሥር ሲሞላ ላኪልኝ። እኔም ከዚህ ከመዝገቦቼ ያወጣሁትን እጨምርበታለሁ፤ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆነን የጥበቃ ትእዛዝን በተመለከተ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል እናስገባለን። ካልተቀበሉን በሚቀጥለው ዓመት አሻሽለን እንደገና እናስገባለን። የቤተሰብ ሕጉም እንደዚህ ነው የመጣው።

አባትሽ በጣም ይናፍቅሻል፤ ለፋሲካ እረፍት እንድትወስጂ ከአሁኑ ጠይቂ ብሏል። እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ያበርታልሽ፤ ፍርድ ከአፍሽ አይጥፋ።

የምትወድሽ እናትሽ